ትንሿ የጌም ሳጥን፦ የእሷ ልክና የእኛ ልክ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቤተሰብ ሰዓት ከቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

   

ዛሬ ልናነሳው የወደድነው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ በየቤታችን ግን ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ነው። ጉዳዩ ጨዋታ ነው። ያውም ከቴሌቪዥን ጋር የምትገናኝ፣ በመዳፍ የምትያዝ፣ የድሮ ጨዋታዎችን በሆዷ ይዛ የመጣች ትንሽ የጌም ሳጥን። «ለዚህ ነገር ደግሞ የሬዲዮ ሰዓት ይሰጠዋል ወይ?» የምትሉን አትጠፉም። ጥቂት ታገሡንና ፍርዱን በኋላ ትሰጣላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ እንደ ገበዝ ማርያም ባሉትም ቦታዎች፣ የወላጅ ጭንቀት አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ደብተሩን ይጥላል፣ ይጠፋል። ዐስር ይሰገዳል፣ የመድረሳ ሰዓት ይደርሳል፣ ልጁ የለም። ሲፈለግ የሚገኘው ፕሌይ ስቴሽን ቤት ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ልጅ ተፋፍጎ ሁለቱ ይጫወታሉ፣ አሥራ ስምንቱ ይጮኻሉ። ኪሱ ውስጥ የነበረው የዳቦ ብር እዚያው ቀርቷል። እናት ትቆጣለች፣ አባት ይዝታል፣ ነገም ያው ነው።

በዚህ መሐል ከጅዳ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን ይዞ ይመጣል። ወይም አባት ለንግድ አዲስ አበባ ወርዶ መርካቶ ላይ ያያታል። «ይህን ብገዛለት ከዚያ ቤት ይቀርልኝ ነበር» ብሎ ያስባል። ትገዛ ወይስ አትገዛ? ገብታ ምን ትሠራለች? ምን አትሠራም? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ሳጥኗ ምንድን ናት?

አስቀድመን ዕቃዋን እንወቃት። የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ «ፋሚኮም» የተባለውን የቤት ውስጥ ጌም እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ አቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ኤንኢኤስ» በሚል ስም ወደ አሜሪካ አሻገረው። ጢማሙ ሰውዬ ማሪዮ እየዘለለ የሚሄድበት ጨዋታ የዚያ ዘመን ነው። በዓለም ዙሪያ ከ61 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ከዚያ በኋላ የሶኒ ፕሌይ ስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1994 መጣና ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የኛዎቹ ቤቶች እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ስም የተገኘው ከዚህ ነው።

እነዚያን ጨዋታዎች በልጅነታቸው የተጫወቱ ሰዎች አደጉ፤ ሥራ ያዙ፣ ልጅ ወለዱ። ኩባንያዎቹም ይህን አዩ። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ያንኑ የድሮ ማጫወቻ አሳንሶ፣ መልኩን ሳይለውጥ፣ 30 ጨዋታ ውስጡ ከትቶ በ60 ዶላር ገደማ አወጣው። ሰው ተሻማበት። በወራት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ከመደብር ሲጠፋም ነጋዴዎች በብዙ እጥፍ ቸበቸቡት። በ2017 ደግሞ ተከታዩን ማጫወቻ በዚያው መንገድ አሳንሶ በ21 ጨዋታ አቀረበ። ሶኒ በ2018፣ ሴጋ በ2019 ተከተሉ።

ውስጧ ምን አለ? ድሮ ካሴት እየተቀያየረ ይሰካ ነበር። በአዲሷ ውስጥ ካሴት የለም። ያለው ከስልክ ጋር የሚቀራረብ አነስተኛ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ነው። በእሱ ላይ የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም ተጭኗል። ጨዋታዎቹ ደግሞ እጅግ ቀላል ናቸው። የመጀመሪያው የማሪዮ ጨዋታ መላው 40 ኪሎባይት ገደማ ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ ነው ሠላሳ ጨዋታ በመዳፍ ውስጥ የሚገባው።

በኛ አገር በብዛት የሚታየው ግን ኦሪጅናሉ አይደለም። በየሱቁ የምናገኘው የቻይና ቅጂው ነው። በእጅ የሚያዝና ትንሽ መስኮት ያለው፣ «400 በአንድ» የተጻፈበት አለ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝና ሁለት ጆይስቲክ ያለውም አለ። አንዳንዱ ላይማ «9999 በአንድ» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ቁጥር ኋላ እንመለስበታለን።

ለምን ትወደዳለች?

ዕቃዋን ለመንቀፍ ከመቸኮላችን በፊት መልካም ጎኗን በሐቅ እንናገር። ሚዛን ማዛባት ከኛ አይጠበቅምና።

አንደኛ፣ ጨዋታዎቿ መጨረሻ አላቸው። ልጁ አንድ ደረጃ ያልፋል፣ ሁለት ያልፋል፣ ይሞታል፣ እንደገና ይጀምራል፣ አንድ ቀን ይጨርሰዋል። ሲጨርስ «አሸነፍኩ» ብሎ ይነሳል። የዛሬዎቹ የስልክ ጨዋታዎች ግን መጨረሻ እንዳይኖራቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ልጁ ቢተዋቸው እነሱ አይተዉትም። «ዛሬ አልገባህም፣ ሽልማትህ ሊያመልጥህ ነው» እያሉ በስልኩ ላይ ይጠሩታል። ትንሿ ሳጥን ማንንም አትጠራም። ካልተከፈተች ዝም ብላ ትቀመጣለች።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት አትፈልግም። የማናውቀው ሰው በእሷ በኩል ለልጃችን መልእክት አይልክም፤ ማስታወቂያም አያልፍባትም። ለኛ አካባቢ ደግሞ ይህ ሌላ ትርጉም አለው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልላችን በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በራቸው ተዘግቶ እንደነበር የምታውቁት ነው። ልጆች ቤት ውለው፣ ቤት አምሽተው፣ ወላጅም «ውጡ» ለማለት የሰጋባቸው ቀኖች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን ልጅን በቤት ውስጥ የሚያጫውት ነገር ቀላል ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ ከተገዛች በኋላ ብር አትጠይቅም። ይህ ነጥብ ለሙስሊም ቤተሰብ ከሁሉም የበለጠ ሊያነጋግረን ይገባል።

የብሩ ነገር

ፕሌይ ስቴሽን ቤት ውስጥ ያለውን ልማድ ታውቁታላችሁ? ብዙ ቦታ ደንቡ «የተሸነፈ ይከፍላል» ነው። ሁለት ልጆች ይገጥማሉ፤ ያሸነፈው በነጻ ተጫውቶ ይነሳል፣ የተሸነፈው የሁለቱን ሒሳብ ይከፍላል። ብሩ ትንሽ ስለሆነ ማንም ቁማር አይለውም። ነገር ግን ጠለቅ ብለን እንየው። ሁለቱም ብራቸውን አደጋ ላይ ጥለው ገቡ፤ አንዱ አተረፈ፣ ሌላው ከሰረ። ብዙ ዑለሞች እንዲህ ያለውን ውል ከቁማር የሚመድቡት ለዚህ ነው። በዚህ ላይ አካባቢያችሁ ያሉትን ኡስታዞች ጠይቁ። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ብሬን ላስመልስ» ብሎ ሦስተኛ ጊዜ ሲቀመጥ፣ በልቡ ውስጥ የተተከለው ነገር ከብሩ ይበልጣል።

የስልክ ጨዋታዎችም ከዚህ አልራቁም። ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሳጥን በብር ይሸጣሉ። ልጁ ይከፍላል፣ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ዕድል ከቀናው ጥሩ ነገር ያገኛል፣ ካልቀናው ከንቱ ነገር ያገኛል፣ ከዚያ እንደገና ይከፍላል። ይህን የምንለው እኛ ሙስሊሞች ብቻ አይደለንም። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መርምሮ የአገሪቱን የቁማር ሕግ የሚጥስ ነው ብሎ ወስኗል። የቻይና መንግሥት ደግሞ በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱበትን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ቀን አንዳንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደንግጓል።

እንግዲህ ከነዚህ ጋር ስናስተያያት፣ አንድ ጊዜ ተገዝታ ሒሳቧ የተዘጋ ትንሽ ሳጥን የተሻለች መሆኗን መካድ አይቻልም። በሷ ላይ ወንድምና እህት ቢገጥሙ ከሳቅና ከኩርፊያ በቀር የሚጠፋ ነገር የለም።

ልኳ የት ላይ ነው?

አሁን ወደ ጉድለቷ እንምጣ። ከዕቃው እንጀምርና ወደ ጠለቀው እንሄዳለን።

ኦሪጅናሏ ሳጥን ኤችዲኤምአይ በሚባለው መሰኪያ ብቻ ነው የምትሠራው። በየቤታችን ያለው ባለሆዱ፣ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ ያለው ቴሌቪዥን አይቀበላትም። እዚህ ላይ ከውጭ አገር ዕቃ የሚልኩ ዘመዶቻችን ልብ ይበሉ። የጆይስቲኳ ገመድም አጭር ነው። የ2016ቷ ገመድ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ልጁ ቴሌቪዥኑ ሥር ካልተቀመጠ አይደርስለትም። በዩኤስቢ ስለምትሠራ በስልክ ቻርጀርና በፓወር ባንክ መነሳቷ እሰየው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ቴሌቪዥኑ አብሮ ይጠፋልና ያ ብቻውን አይፈይድም።

ከዚያ የተዘጋች ናት። ሠላሳ ጨዋታ ይዛ ከመጣች ሠላሳ ነው፤ ሠላሳ አንደኛውን የሚጨምሩበት በር አልተሠራላትም። የኛው አገር ልጆች ለስልክ ጨዋታ መሥራት ጀምረዋል። ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ን እና «ገበጣ»ን ሠርቷል። እነዚህ በትንሿ ሳጥን ውስጥ ቦታ የላቸውም። ልጃችን የሚያየው የጃፓንና የአሜሪካ ሰዎች ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ያሰቡትን ነው። አማርኛ አይሰማባትም። የሚያውቀው መንደር፣ የሚያውቀው ገበያ፣ የሚያውቀው ልብስ የለባትም።

«የድሮ ጨዋታ ነው» ማለትም «የልጅ ጨዋታ ነው» ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ወላጅ ይስታል። የሶኒ ሳጥን ውስጥ ካሉት 20 ጨዋታዎች አንዱ ተጫዋቹ መኪና እየሰረቀና ወንጀል እየሠራ የሚያድግበት ነው። ሌላው ሬሳ ተነስቶ ሰው የሚበላበት ነው። ሁለቱም ሲሠሩ ለአዋቂ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሳጥኗ ስላነሰች፣ ሥዕሉ ስለደበዘዘ፣ ይዘቱ አልተለወጠም።

የሶኒዋ ሳጥን ሌላም ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በ100 ዶላር ነበር የወጣችው። ገዢዎች ከፍተው ሲያዩ ከ20ዎቹ 9ኙ ጨዋታዎች ዝግ ብለው በሚሄዱበት የአውሮፓ ቅጂ የተጫኑ ሆነው አገኟቸው። ብዙዎቹ የሚወዷቸው ጨዋታዎችም አልተካተቱም ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋዋ ከግማሽ በታች ወረደ። ስም ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ትርፉ ጸጸት ነው።

የቅጂዎቹ ነገር ደግሞ ይባስ። «9999 በአንድ» የተባለው ሳጥን ሲከፈት ጥቂት ደርዘን ጨዋታ ይገኛል፤ የቀረው ያው ጨዋታ በሌላ ስም፣ በሌላ ቀለም፣ ከሌላ ደረጃ እየጀመረ የተደጋገመ ነው። ይህ በንግድ ቋንቋ ምን ይባላል? በመስፈሪያ ላይ ማጭበርበር ይባላል። ነጋዴ አድማጮቻችን፣ ቁጥሩን አምራቹ ቢጽፈውም «አባዬ፣ ቁጥሩን አትመን፣ ይደጋገማል» ብሎ ለገዢ መንገር የናንተ አማና ነው።

ከዚህ ጋር የባለቤትነት ጥያቄ አለ። በእነዚህ ቅጂዎች ላይ ያሉት ጨዋታዎች በአብዛኛው ያለ ባለቤቶቻቸው ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው። «የሩቅ አገር ኩባንያ ነው፣ ምን ቸገረኝ» የሚል ይኖራል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የደራሲነትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁና ሊደፈሩ የማይገባ መሆናቸውን ወስኗል። የአገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይኸንኑ መብት ይጠብቃል። ይህን የምናነሳው በቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ እየተለቀመ ይጣል ለማለት አይደለም። ልጃችንን «የሰው ነገር አትንካ» ስንል እጃችን ላይ ያለውን ነገር ምንጩን ማወቅ እንደሚገባን ለማስታወስ ነው።

ትዝታ በሱቅ አይሸጥም

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዕቃው ጉድለት የበለጠ አንድ ሌላ ልክ አለ።

ሳጥኗን የሚገዛት ማን ነው? ልጁ አይደለም። አባትየው ነው፤ አጎትየው ነው። በልጅነቱ ያያትን፣ ወይም ጎረቤት ቤት በመስኮት ያያትንና ያልደረሰችውን ጨዋታ ዛሬ ብር ሲያገኝ ይገዛታል። ይከፍታታል፣ ሙዚቃዋን ሲሰማ ልቡ ይሞቃል፣ ግማሽ ሰዓት ይጫወታል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣታል። ለልጁ ሲሰጠው ደግሞ ልጁ እንደሱ አይደሰትም። «ይኸ ምኑ ነው የሚያምረው?» ይለዋል። አባት ቅር ይለዋል።

ቅር ሊለው አይገባም። አባት የወደደው ሳጥኗን አልነበረምና። የወደደው በሳጥኗ ዙሪያ የነበሩትን ሰዎች ነው። አንዷን ጆይስቲክ ለስድስት ሆነው ይጠብቁ ነበር። ወንድሙ «ተራዬ ነው» እያለ ይጎትተው ነበር። እናት ከጓዳ «መግሪብ ደርሷል፣ ዝጉት!» ትል ነበር። ያ ወንድም ዛሬ ሪያድ ነው። እናት ምናልባት አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ፋብሪካው ጨዋታውን ሳያዛንፍ መልሶ ሠርቷል። ስድስቱን ልጆች ግን መልሶ ሊሠራቸው አይችልም።

ይህን በኛው በገበጣ እንየው። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ከአገር አገር፣ ከመንደር መንደር ደንቡ እየተለያየ የሚጫወቱት መሆኑን ዘርዝረዋል። ገበጣ ምን ያስፈልገዋል? መሬት ላይ የተማሰ ጉድጓድና ጠጠር፣ ካለም ባቄላ ወይም ሽምብራ። ከብት የሚጠብቅ እረኛ በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። ከዚህ ያነሰ፣ ከዚህ የረከሰ የጨዋታ ዕቃ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ብቻውን ገበጣ የሚጫወት አይገኝም። ከፊት ለፊቱ ሌላ ሰው ሊኖር ግድ ነው። የጨዋታው ጣዕም ያለው እዚያ ሰው ላይ ነው።

ትንሿ ሳጥንም ከገበጣው ጉድጓድ የተለየች አይደለችም። ሰው ካለባት ትጣፍጣለች፣ ሰው ከሌለባት ትባዶለች። ልጃችን ወደ ፕሌይ ስቴሽን ቤት የሚሮጠው ማሽኑን ፍለጋ ብቻ ይመስላችኋል? አሥራ ስምንቱን ጯሂዎች ፍለጋ ጭምር ነው። ሳጥኗን ገዝተን፣ በር ዘግተን፣ ብቻውን ብናስቀምጠው በሳምንቱ ተመልሶ እዚያው ይገኛል። ያን ጊዜ «ገዛሁለት፣ አልጠገበም» ብለን ልጁን እንወቅሳለን። ልጁ የጎደለው ጓደኛ ነበር፤ እኛ የሰጠነው ዕቃ ነው።

ዲናችን ጨዋታን እንዴት ያየዋል?

አንዳንድ ወገኖች ነገሩን ከሥሩ ለመቁረጥ «ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ነው» ይላሉ። ይህ ጥንቃቄ ከመልካም ልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሲራ የምናውቀውን እናስታውስ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው አሻንጉሊት ነበራቸው፤ ጓደኞቻቸውም እየመጡ አብረዋቸው ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጓደኞቻቸውን አላባረሩም፤ ተሸማቀው ሲሸሹ ወደሷ ይልኳቸው ነበር። በዒድ ቀንም ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ዓኢሻ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጀርባ ሆነው እስኪበቃቸው ድረስ ተመልክተዋል። ያገራችን ሰዎች ስም በዚህ ዘገባ ውስጥ መነሳቱ ለኛ ክብር ነው።

ከሁለቱም ዘገባ የምንረዳው ነገር አለ። ጨዋታው በሰው መሐል ነበር። ትልቅ ሰው አጠገቡ ነበር። ደግሞም «እስኪበቃት» የሚል ልክ ነበረው። ጨዋታ፣ ሰው፣ ልክ። ሦስቱ አብረው ሲገኙ ልጅ ይፋፋል። አንዱ ሲጎድል ችግሩ ይመጣል።

ይህን ልክ ማለፍ በሽታ እስከመሆን ሊደርስ እንደሚችል የዘመኑም ሕክምና ተቀብሎታል። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቁትና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጌም ሱስ ገብቷል። ምልክቱም ተነግሯል፦ ሰውዬው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲያስቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልበት፣ ይህም በአብዛኛው ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። እንግዲህ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት የተጫወተ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ አይባልም፤ በማይገባ ስም ልጅን መጥራት ራሱ ይጎዳዋል። ድርጅቱ በዚያው በ2019 ባወጣው ሌላ መመሪያ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናት ስክሪን ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ጭራሽ እንዳይቀመጡ መክሯል። ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ ማስያዝ የለመድን ሰዎች ይህን እንስማው።

ከገባች እንዴት ትያዝ?

እንግዲህ የምክራችንን ፍሬ ነገር እንናገር። ሳጥኗን ግዙ አንልም፤ አትግዙም አንልም። ለልጁ ጫማ፣ ደብተር፣ የመድረሳ ክፍያ ያልተሟላለት ቤት ሳጥኗን ቢተዋት ምንም አልቀረበትም። የገዛ ወይም ከዘመድ የደረሰችው ቤተሰብ ግን እነዚህን ቢያስብ መልካም ነው።

መጀመሪያ፣ ወላጅ ራሱ ይጫወታት። ውስጧ ያሉትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ይክፈት። የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚለየው ያየ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ሳጥኗ ሳሎን ትቀመጥ። መኝታ ቤት አትግባ። ገመዷ አጭር መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ ልጁ ከሰው ዓይን ርቆ አይቀመጥም።

ሦስተኛ፣ ልኩ በአድራጎት ይነገር። «አንድ ሰዓት» ብንለው ልጅ ከሰዓት ጋር ይጨቃጨቃል። «ከዐስር ሶላት በኋላ ጀምረህ ለመግሪብ አዛን ታጠፋለህ» ብንለው ግን አዛኑ ይጠራዋል። «ቆይ፣ ልሞት ነው፣ ደረጃዬ ይጠፋብኛል» የሚለውንም ምክንያት እናውቅበት። በኒንቴንዶዎቹ ሳጥኖች ላይ ልጁ የደረሰበትን ቦታ አስቀምጦ በኋላ ከዚያው መቀጠል ይቻላል፤ በሳጥኗ ላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ነው። እንዲህ ያለው ዘዴ ያለው ሳጥን ቤት ውስጥ ካለ ለልጁ እናሳየው። ሶላት የሚያስዘልል ምክንያት አይኖርም።

አራተኛ፣ ብቻውን አይጫወት። ሁለተኛዋ ጆይስቲክ የሰው ድርሻ ናት። የጎረቤት ልጅ ይጠራ፤ እህትም ተራዋን ታግኝ። በብዙ ቤት ወንዱ ሲጫወት ሴቷ ሳህን ታጥባለች። ሳህኑን ተካፍለው ይጠቡ፤ ጨዋታውንም ተካፍለው ይጫወቱ። አባትም በሳምንት አንድ ቀን ወለሉ ላይ ይቀመጥና በልጁ ይሸነፍ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ልጁ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለሚፈራው ነገር የሚያወራውን፣ ጠርተን ብንጠይቀው አይነግረንም።

አምስተኛ፣ በቤት ውስጥ «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚል ነገር አይግባ። በቀልድም ቢሆን። የተሸነፈ ሻይ ያፍላ፣ ውሃ ይቅዳ የምትሉ ካላችሁ እንኳ ሥራው የሁላችንም መሆኑን ልጅ ይማር፤ ሥራን ቅጣት አናድርገው።

ስድስተኛ፣ ውጪውን አትርሱ። ኳስ፣ ገበጣ፣ ድብብቆሽ፣ ውሃ ዋና እንደየአካባቢው አለ። ሳጥኗ እግር የላትም፤ ልጃችን ግን አለው። አገር ሰላም በሆነበት ቀን ሜዳው የእሱ ነው።

በመጨረሻም፣ ስለ ፕሌይ ስቴሽን ቤት ባለቤቶች አንድ ቃል። ብዙዎቹ የሠፈራችን ልጆች ናቸው፤ ሠርተው የሚበሉበት ነው። ጠላት አናድርጋቸው። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እንዳያስገቡ፣ «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለውን ትተው በየሰው እንዲያስከፍሉ፣ ጫትና ሺሻ አጠገቡ እንዳይኖር ሽማግሌ ልከን ብንነጋገር ይሰማሉ። ወላጅ ተሰብስቦ የጠየቀውን ነጋዴ እንቢ የሚልበት ምክንያት የለውም፤ ደንበኛው ያው የኛው ልጅ ነውና።

ውድ አድማጮቻችን፣ ትንሿ ሳጥን ልኳን ይዛ ነው የመጣችው። ሠላሳ ጨዋታ አላት፣ ሠላሳ አንደኛው የላትም። አትጠራም፣ አታሳድድም፣ ብር አትለምንም። ይህ ልኳ መልካም ነገሯ ነው። የጊዜውን ልክ ግን እሷ አታወጣልንም፤ ጓደኛም አትወልድልንም፤ በአባት ቦታም አትቀመጥልንም። ያንን ሥራ አላህ ለኛ ነው የሰጠው። ልጁ ሲያድግ የሚያስታውሰው ስንት ደረጃ እንዳለፈ አይሆንም፤ ማን አጠገቡ እንደነበር ነው።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ጊዜያችንን ይባርክልን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን ይክፈትልን፤ በስደት ያሉ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን በሰላም ለቤተሰቦቻቸው ያብቃልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።